የአማቴ ቮልስ በር

ቮልስ ደህነኛ ስትሆን በሯ እሺ ብሎ አይዘጋም። ይህን የማያውቅ ሰው በሩ ተበላሽቷል ብሎ ይደነግጣል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አካሏ ጠበቅ ተደርጎ ስለተሠራ አየር በቀላሉ መውጫ አያገኝም፤ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው በሩን ሲወረውሩት ውስጥ የታፈነው አየር መልሶ ይገፋዋል። ስለዚህ ከቮልስ ጋር ያደገ ሰው በመጀመሪያ መስኮቱን ጣት በምታህል ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ በሩን ይለቀዋል። በሩም "ጥብ" ይላል። ቤትሆቨን ይቅር ይበለኝና፣ ከዚህች "ጥብ" የተሻለ ድምፅ ጀርመኖች አላወጡም።

የአማቴ ቮልስ በር "ጥብ" ካለ ግን ዓመታት አልፈው ነበር። የእሱ ድምፅ "ገጭ፣ ቋ" ነው። "ገጩ" በሩ ደፉ ላይ ሲያርፍ፣ "ቋው" አማቴ በዳሌያቸው ሲጨርሱት። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሠላሳ ምናምን ዓመት በሽተኛ ሲያገላብጡ በኖሩ ክንዶቻቸው በሩን ከሥር ብድግ፣ በዳሌያቸው ጎሸም እያደረጉ መዝጋቱን የመኪና መንዳት አንድ ክፍል አድርገው ቆጥረውት ነበር። መኪናዋ በፈረንጅ 1966 የተሠራች 1300 ናት። ከማንም አብልጠው ይወዷታል፤ "ከማንም" ስል አማች የሚባለውን ፍጥረት ጨምሬ ነው።

ኅዳር 2017 አንድ እሑድ ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ "ልጄ" አሉኝ። እኔ አማቴ ዘንድ "አንተ" ነኝ። "ልጄ" የምባለው ነገር ሲኖር ነው።

"ልጄ፣ ለጥር ሠርግ ሙሽራዋ የምትሄደው በእኔ መኪና ነው። እስቲ ያቺን በር አንድ ባለሙያ ዘንድ ወስደህ አሳይልኝ።"

ሙሽራዋ የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። እኔም የቡናው ሞቅታ ይሁን ሌላ፣ "እኔ እያለሁ ምን ባለሙያ ያስፈልጋል!" የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ባለቤቴ ሲኒዋን አስቀምጣ አየችኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። የወጥ ቤቱን ቧንቧ የጠገንኩ ቀንም አይቼዋለሁ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዴቢትና ክሬዲት አልገጥም ሲል ስህተቱ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ በታየበት ገጽ ላይ አይገኝም፣ ወደ ኋላ ሂዱና ፈልጉ እያልኩ ተለማማጆችን የማስተምር ሰው። ይህን እውቀቴን ከቢሮ ይዤው ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ወግ ባልተጻፈ ነበር።

መጀመሪያ የነካሁት ቁልፉ የሚነክሰውን ብረት ነው። ከበሩ ጀርባ ምሰሶው ላይ በብሎን የታሰረ ነው፤ ብሎኖቹ ሲላሉ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል። ሐሳቤ ግልጽ ነበር። በሩ ወርዷል፤ እንግዲያው ብረቱም ይውረድ። አወረድኩት። በሩ ነከሰ! ዳሌ አላስፈለገውም። ለሁለት ቀን በአማቴ ቤት የቁርጥ ቀን ልጅ ሆንኩ፤ ዶሮ ባይታረድልኝም ሽሮዬ ላይ ቅቤ ጠብ ተደርጎልኛል።

በሦስተኛው ቀን አማቴ ገበያ ደርሰው ሊወርዱ ሲሉ በሩ አልከፈትም አለ። የበሩ ክብደት በሙሉ ቁልፉ ላይ ተጭኖ ነክሶ ቀርቷል። እሳቸውም በዚህ ዕድሜያቸው ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ማርሹን ተሻግረው፣ በተሳፋሪው በኩል ወጡ። ቤት ሲመጡ ምንም አላሉኝም። "ልጄ" ብቻ ወደ "አንተ" ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ወደ ማጠፊያዎቹ ዞርኩ። በሩ የተንጠለጠለባቸው ማጠፊያዎች ከፊተኛው ምሰሶ ጋር የተያያዙት ጭንቅላታቸው ሰፋ ባለ፣ መስቀል ቅርጽ ባላቸው ብሎኖች ነው። ከኃምሳ ዓመት በላይ ዝናብ ጠጥተው ከምሰሶው ጋር አንድ ሥጋ ሆነዋል። ናፍታ ቀብቼ አሳደርኳቸው። በማግሥቱ ካቻቪቴ ገጥሜ ስጠመዝዝ የዞረው ብሎኑ ሳይሆን ካቻቪቴው ነው። ደግሜ ስሞክር መስቀሉ ተልጦ እንደ ብርጭቆ ቂጥ ለሰለሰ። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ ጀርባው በመዶሻ ሲመታ እየጠመዘዘ የሚፈታ ካቻቪቴ እንዳለ ኋላ ነው የሰማሁት። በመጨረሻ የሰፈራችን የበያጅ ልጅ መጥቶ በየብሎኑ ጭንቅላት ላይ አንዳንድ ዳዶ በየደበትና ዳዶውን በቁልፍ ይዞ ቀስ እያለ ፈታው። የብየዳው ሙቀት ዝገቱን ያላቅቃል አለኝ። ልጁ ከእኔ በሃያ ዓመት ያንሳል። ይህን የማነሳው ለመቅናት አይደለም፤ ትንሽ ለመቅናት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። የአገራችን መኪና የሚናገረው ጣሊያንኛ መሆኑን አስተውላችኋል? ፓራፋንጎ ማለት ጭቃ መከላከያ ነው። ካቻቪቴ፣ ብሎን አሳዳጅ። ባትላሜራ ደግሞ ላሜራ ደብዳቢ። ኮፈኑም፣ ካንዴላውም፣ ፍሬቻውም፣ ፍሪሲዮኑም ከዚያው የመጡ ናቸው። ጀርመን የሠራትን መኪና በጣሊያንኛ ፈታትተን በአማርኛ እንረግማታለን። ቮልስ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ አዲስ ተለማማጅ "ኮፈኑን ክፈት" ሲባል ሮጦ ከፊት ይከፍትና የሚያገኘው ትርፍ ጎማና የቤንዚን ታንከር ነው። ሞተሩ ከኋላ ተቀምጦ ይስቅበታል።

ወደ በሩ ልመለስ። በሩን አወረድኩት። የማጠፊያውን ዙሪያ በምስማር ጫር አድርጌ የነበረበትን ቦታ ምልክት ሳላኖርበት አወረድኩት። ይህ የሒሳብ ሠራተኛ የድሮውን መዝገብ ሳይገለብጥ እንደ ማቃጠል ነው።

በሩን ካወረድኩ አይቀር ብዬ የግራውን የፊት ፓራፋንጎ አየሁት። ከዓመታት በፊት አንድ ሰማያዊ ለነጭ ሚኒባስ ገጭቶት ተጨምድዷል። ቮልስ ከብዙ መኪና የምትሻለው እዚህ ላይ ነው፤ አራቱም ፓራፋንጎዎች የሚያያዙት በብየዳ ሳይሆን በብሎን ነው። አሥር ያህል ብሎን በ13 ቁልፍ ትፈታለህ፣ በፓራፋንጎውና በአካሉ መካከል የምትገባዋን ቀጭን ላስቲክ ታወጣለህ፣ አለቀ። ሰባቱ ተፈቱ፣ ሦስቱ ተቆረጡ፣ ፓራፋንጎው ወጣ። እኔም ወደ ሶማሌ ተራ።

ሶማሌ ተራን ለማያውቅ፣ ጠዋት የጠፋብህን ስፖኪዮ ከሰዓት በኋላ ተደራድረህ የምትገዛበት ሰፈር ነው እየተባለ ይቀለድበታል። እኔ የጠፋብኝ ነገር ስለሌለ በኩራት ገባሁ። ዋጋው ግን ኩራቴን አበረደው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጓል፤ አሮጌ ፓራፋንጎ ያለውም እንዲሁ። ሻጩ ከጣራው ላይ አንድ የግራ ፓራፋንጎ አወረደልኝ።

"የ66 ናት፤ ትሆናለች?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ቮልስ ቮልስ ነው። ሁሉም አንድ ነው።"

አመንኩት። ደግሞስ ለምን አላምነውም? የቮልስ መልክ ከልጅነቴ ጀምሮ ያው ነው። ቤት ወስጄ ከቀኙ ጎን ሳስተያየው ግን አንድ ነገር ሆዴን ቆረጠው። የቀኙ መብራት ከነመስታወቱ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ሰማይ የምታይ ይመስላል። አዲሱ ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ፊት ለፊት የሚያይ። ለካ ቮልስዋገን በፈረንጅ ከነሐሴ 1967 ጀምሮ መብራቱን ቀጥ አድርጎ አቁሞታል፤ ፓራውልቱንም በዚያው ጊዜ ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ የፓራውልቱ መያዣ የሚያልፍበት ቀዳዳም አልገጠመም። ወደ ሶማሌ ተራ ስመለስ ሻጩ ምሳ ወጥቷል ተባልኩ። ሦስት ቀን የሚበላ ምሳ ነበር።

ፓራፋንጎውን በግድ አሰርኩት። ጥር እየቀረበ ነው።

ቀጥሎ የሠራሁትን ስናገር ጋራዥ የሚያውቅ አንባቢ ቢስቅ አልቀየመውም። በሩ ገና መሬት ላይ እንዳለ ስቱኮ አስለጥፌ ቀለም አስቀባሁት። ክሬም ቀለም፣ እንደ ሐር የሚያብለጨልጭ። ከዚያ አዲስ፣ ወፍራም ጎሚኒ ገዝቼ በበሩ ዙሪያ በማጣበቂያ ለጠፍኩ። ከዚያ ክሪክ አምጥቼ ማጠፊያዎቹን ለመግጠም እንዲመቸኝ መኪናዋን በግራ በኩል አነሳኋት። ከዚያ በሩን ሰቀልኩ።

በሩ አካሉን ጣት በምታህል አልፎ ወደ ውጭ ወጣ። ጎሚኒው ነው። ላስቲኩ ተጨምቆ እስኪለምድ ይገፋል፤ ለዚህም ነው ያለ ጎሚኒ መጀመሪያ ልኩን አይተው፣ ጎሚኒውን መጨረሻ የሚገጥሙት። ጎሚኒውን ቀድጄ አወጣሁ። አሁን ክፍተቱን አየሁት። በበሩና በኋለኛው ምሰሶ መካከል፣ ከላይ የክብሪት እንጨት አይገባም፤ ከታች ትንሿ ጣቴ ትገባለች። ስለዚህ የታችኛውን ማጠፊያ ከጀርባው ልደግፈው አልኩና ከዘይት ጣሳ ቀጫጭን ቆርቆሮ ቆርጬ ከተትኩ። እውነትም የበሩ ጅራት ብድግ አለ። አሁን ግን የበሩ ፊት ከታች ተከፈተ። የላይኛውን ማጠፊያ ደገፍኩ። በሩ በሙሉ ወደ ኋላ ሄዶ ምሰሶውን ነካ፤ የሐሩ ቀለም ጥግ ጥጉ ላይ ተፈረፈረ። ቀለምም ውፍረት አለው፤ ባዶ ላሜራ ሆኖ የማይበቃው ክፍተት ተቀብቶ እንዴት ይበቃዋል?

ቀና ስል ደግሞ የፊት ኮፈኑ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ መሰለኝ። እሱንም ፈታሁ። የኮፈኑ ማጠፊያ የብሎን ቀዳዳዎች ረዘም ያሉ ስለሆኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል። ገፍቼ፣ ስቤ፣ እስከ ማታ ድረስ ግራና ቀኙን እኩል አደረግሁ። በሩም ቢሆን እያቃሰተ መዝጋት ጀምሯል። ደስ ብሎኝ መኪናዋን ከክሪኩ ላይ አወረድኳት።

ያስተካከልኩት ሁሉ አብሯት ወረደ። ኮፈኑ አንገቱን ሰበረ፣ በሩ ተጨምቆ ተከፈተ፣ ሁለተኛም አልዘጋም አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ያስተካከልኩት በክሪክ ላይ የተንጠለጠለች መኪና ነበር እንጂ መንገድ ላይ የምትሄደዋን አይደለም። መኪና በጎማዋ ደልዳላ መሬት ላይ ካልቆመች ክፍተቷ አይለካም። ባለቤቴ በመስኮት እያየች ነበር። "መኪናዋ ስትወርድ ድምፅ አሰማች ወይስ አንተ ነህ?" አለችኝ።

እኔ ነበርኩ።

ባለሙያ ፍለጋ በነጋታው ተነሳሁ። ጎፋ አካባቢ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ባትላሜራ አሉ ተባልኩ። ግን መኪናዋን ከልደታ ጎፋ ማድረስ አለብኝ፤ በሩ አይዘጋም። የበሩን የውስጥ እጀታ በገመድ አስሬ፣ ገመዱን በሆዴ ላይ አሳልፌ ከተሳፋሪው ወንበር እግር ጋር አጠበቅሁት። ሜክሲኮ ስደርስ ትራፊክ ፖሊሱ እጁን አነሳ።

"ወንድም፣ ቀበቶህ የት አለ?"

ወደ ገመዱ አመለከትኩ። ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ይህ ምንድን ነው?" አለ።

"በሩ ነው።"

"በል ክፈተውና ውረድ።"

"እሱን ከከፈትኩት አይዘጋም።"

"ታዲያ አንተ በየት ገባህ?"

"በዚያኛው በኩል።"

መንጃ ፈቃድና ሊብሬ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ሊብሬውን ገልጦ፣ ፊቴን አይቶ፣ እንደገና ሊብሬውን አየ። "ሊብሬው ላይ ያሉት ሴትዮ ማን ናቸው?"

"አማቴ ናቸው።"

"እንዲህ መሆኗን ያውቃሉ?"

"እስካሁን አያውቁም።"

ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ወረቀቶቼን መለሰልኝ። "ሂድ፤ ቅጣቱ ይበቃሃል" አለኝ። አንድ ነገር ልመስክር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ትራፊክ ፖሊስ ክፉ አልናገርም።

ባትላሜራው ሰባውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ልጅ ሆነው የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ብሎን በመልቀም ነው የጀመሩት። "ጋሼ" እያልኩ ነው የምጠራቸው። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም።

"ማን ነው የፈታት?"

"አንድ የማውቀው ሰው ነው።"

"ያ ሰው አንተ ነህ" አሉኝና ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሱትም። ትልቅነት ይህ ነው።

ገመዱን ፈትተው በሩን ከፈቱት። ጅራቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ላይ ብድግ አደረጉት። ጆሯቸውን ሰጡ። "ቋ ቢል ኖሮ የማጠፊያው ፒን ተበልቷል ማለት ነው። አላለም። ፒኑ ደህና ነው" አሉ። አሥር ሰከንድ አልፈጀባቸውም። እኔ ይህንን አሥር ሰከንድ ኅዳርን ሙሉ አላሰብኩትም። ቀጥለው የነካሁትን የቁልፍ ብረት ጨርሰው ፈትተው ጣሉት። "ይህ ብረት በር ተሸካሚ አይደለም፤ ተቀባይ ነው። በሩ በማጠፊያው ብቻ ተንጠልጥሎ ቦታው ይቀመጣል። ከዚያ ብረቱ በሩ ወዳለበት ይመጣል። አንተ በሩን ብረቱ ላይ አስቀመጥከው።"

ከዚያ ክሪክ አስመጡ። መኪናዋ በጎማዋ እንደቆመች የበሩን ክፍተት አሳዩኝ፤ ከዚያ ከመርገጫው ሥር ክሪኩን ከተው ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ገፋ አደረጉት። ዓይኔ እያየ ክፍተቱ ተለወጠ። ከላይ የጠበበው ተከፈተ። ክሪኩን ለቀቁት፣ ተመልሶ ጠበበ። መኪናዋ እንደ መጽሐፍ ትታጠፋለች። ጋሼ ካቻቪቴ አንስተው ደፉን ከሥሩ ወጋ አደረጉት። እንደ ድፎ ዳቦ ገባ።

"በሩ አልወረደም። ቤቱ ነው የወረደው" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቮልስ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ የሚያሞቃት ውኃ የላትም። ጀርመኖቹ ለብርዳቸው ብለው ከጭስ ማውጫው ዙሪያ የሞቀውን አየር ከኋላ ወደ ፊት ያመጡታል፤ የሚያልፈውም በሁለቱ በሮች ደፍ ውስጥ በተሠራ ባዶ መተላለፊያ ነው። ያው ደፍ ደግሞ አካሉን የሚያቆመው ዋና ጅማት ነው። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ውኃ ሲገባበት ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል፤ ቀለሙ ደህና መስሎ እየታየ ብረቱ ያልቃል። ጅማቱ ሲያልቅ የፊቱና የኋላው ምሰሶ ከላይ ይቀራረባሉ፤ በሩ መሀል ላይ ይጨመቃል። የሚያየው ሰው በሩ ወረደ ይላል።

"ግን ውኃው ከየት ገባ?" አሉ ጋሼ። "ይህች መኪና ጎርፍ ውስጥ ኖራ ታውቃለች?"

አታውቅም። አማቴ ግን ነርስ ናቸው። በየቅዳሜው የመኪናዋን ምንጣፍ አንስተው ወለሉን በውኃና በበረኪና ያጥባሉ። ከአርባ ዓመት በላይ። በዚህ መኪና ውስጥ አንድም ጀርም በሕይወት አልወጣም፤ ብረቱም እንዲሁ። ይህን የምርመራ ውጤት ለባለጉዳይዋ የሚነግር ደፋር ግን እስካሁን አልተገኘም። ይህን መጽሔት እንደማያነቡ ባለቤቴ አረጋግጣልኛለች።

ጥገናው ሁለት ሳምንት ተኩል ወሰደ። ከቢሮ እየወጣሁ እሄድና መብራት እይዛለሁ፤ ይህ ሥራ ተፈቅዶልኛል። ጋሼ በመጀመሪያ በበሩ መግቢያ ውስጥ አንግል ብረት በመስቀል በየዱ። ደፉ ሲቆረጥ ምሰሶዎቹ የፈለጉበት እንዳይሄዱ ነው። የበሰበሰውን ቆርጠው ካወጡ በኋላ አዲስ ላሜራ አጥፈው ቦታው አስቀመጡ፤ ግን ወዲያው አልበየዱም። በሩን ሰቀሉ። ሁለት የአይስክሬም እንጨት ደረቡ፤ አራት ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ያቺን መለኪያ በበሩ ዙሪያ እያስገቡ፣ ከሥር በክሪክ ፀጉር በምታህል እያነሱ፣ ከላይም ከታችም እኩል እስክትገባ ጠበቁ። ከዚያ አንድ ነጥብ በየዱ። ቆሙ። እስኪቀዘቅዝ ሻይ ጠጣን። በሌላኛው ጫፍ አንድ ነጥብ። እንደገና ሻይ። ባንድ ትንፋሽ ቢበየድ ሙቀቱ ላሜራውን ስቦ የተለካውን ያጣምመዋል። በዚያ ሁለት ሳምንት ተኩል የጠጣሁት ሻይ ከዚያ በፊት በሕይወቴ ከጠጣሁት ይበልጣል።

ሻዩ ላይ እኔም ዝም ማለት ስለማልችል እውቀቴን አወጣ ነበር። "ጋሼ፣ በየካቲት 1972 በፈረንጅ፣ የቮልስ ቁጥር 15,007,034 ደርሶ የፎርድን ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን እንደሰበረ ያውቃሉ? የመጨረሻዋ ደግሞ ሐምሌ 2003 ሜክሲኮ አገር፣ ፑዌብላ ላይ ነው የወጣችው። በጠቅላላው 21,529,464 ናቸው።"

ጋሼ ሻያቸውን ፉት አሉ። "ከዚያ ሁሉ አንዷ አንተ እጅ ላይ ወደቀች" አሉ።

ቅደም ተከተሉንም እዚያው ነው የተማርኩት። ቮልስ ላይ የማይንቀሳቀሰው የኋለኛው ጎን ነው፤ ከአካሉ ጋር የተበየደ ነው። በሩ የሚስተካከለው እሱን እያየ ነው። በሩ ሲያልቅ ኮፈኑ ይመጣል፤ እሱም ግራና ቀኝ ካለው አካል ጋር ይታያል። ፓራፋንጎዎቹ መጨረሻ ናቸው። "ፓራፋንጎ ቀሚስ ነው" አሉ ጋሼ፤ "ሰው መጀመሪያ ይቆማል፣ ከዚያ ይለብሳል።" እኔ በቀሚሱ ጀምሬ ወደ አጥንት ሄጃለሁ። ቀለም የተቀባው ይህ ሁሉ ገጥሞ፣ ተፈትቶ፣ ምልክት ተደርጎበት ካለቀ በኋላ ነው። ጎሚኒው የገባው የመጨረሻ ቀን። የከፈልኩትን ዋጋ አልናገርም። መጀመሪያውኑ ጋራዥ ወስጃት ቢሆን ኖሮ የምከፍለው ሲታሰበኝ እንባ ይመጣብኛል።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ በነበረው እሑድ ዋለ። የሙሽራዋ ቬሎ ከመኪናዋ ይሰፋል፤ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ የሚዜዎቹ ጭን ላይ ሆኖ ተጓዝን። አማቴ ራሳቸው ነዱ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርሱ ወረዱ፤ መስኮቱ ዝቅ ብሎ ነበር። በግራ እጃቸው በሩን ከሥር ብድግ ሊያደርጉ ሲሉ እጃቸው ገና ሳይነካው በሩ ተንሸራትቶ "ጥብ" አለ። ዳሌያቸው ግን በልማዱ ተወርውሯል። ባዶ አየር ገፉና ሊወድቁ ሲሉ አንደኛው ሚዜ ቀለባቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው በሩን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"አንተ፣ ምን አደረግህባት?"

ይህ ምስጋና መሆኑን ባለቤቴ ማታ ተርጉማልኛለች።

የሠርጉ ፎቶ ታጥቦ ሲመጣ ግን ሌላው ጉድ ወጣ። ትልቁ ፎቶ ላይ ሙሽሮቹ ከመኪናዋ ፊት ቆመዋል። ከኋላቸው ቮልሷ በአበባ ተሸልማ፣ በቀኝ ዓይኗ ሰማይ እያየች፣ በግራ ዓይኗ ካሜራውን አፍጥጣ ታያለች። አማቴ ፎቶውን ሳሎን ሰቅለውታል፤ እኔ በገባሁ ቁጥር ከፊት ለፊቱ ያስቀምጡኛል። የሰጡኝ ጊዜ እስከ ፋሲካ ነው። እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ከነሐሴ 1967 በፊት ለተሠራች ቮልስ የሚሆን፣ መብራቱ ወደ ኋላ ጋደል ያለ፣ የግራ የፊት ፓራፋንጎ የት እንዳለ የምታውቅ ከሆነ በመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል በኩል ፈልገኝ። ቢጨመደድም ግድ የለም። እኔ አልነካውም፤ ቀጥታ ጎፋ ነው የምወስደው።